የመኪናው በር ላይ የቆመው ሰው

እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። መተማ ዮሐንስ ላይ የትራክተር ዘይትና ፊልትሮ እሸጣለሁ፤ ገዢ ቢኖርም ባይኖርም ባንኮኒውን ስዞር ነው የምውለው። ሙቀቱ ነው ይሉኛል። ሙቀቱማ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሌላው ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። የመንገዱ መዘጋትና መከፈት፣ ከድልድዩ ማዶ ከሱዳን በየቀኑ የሚመጣው ወሬ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ የሚሻገረው ሰው፣ ሁሉም ተሰብስቦ እግሬ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ግን ያቅበጠበጠኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ፎቶ ነው።

አባቴ ሾፌር ነበር። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን፣ በጣሊያን ጊዜ የመጣውን አፍንጫ ረጅም የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከአብደራፊ ሰሊጥ ጭኖ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ፣ ገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ ሰሊጡን ወደ ባሕር የሚወስደው ባቡሩ ነው። እኔ አፌን በወጉ ሳልፈታ እሱ ሞተ። እናቴ እኔን አዝላ ከአብደራፊ ወደ መተማ ስትመጣ ከእሱ የያዘችው አንድ የሻይ ቅጠል ሣጥን ሙሉ ፎቶ ብቻ ነበር።

የቤተሰብ ፎቶ ነው ብሎ የሚያምን የለም። መኪና፣ መኪና፣ ባቡር፣ ደግሞ መኪና። መኪናው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ ሰቅሎ፣ እጁን የበሩ መያዣ ላይ አሳርፎ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሰውየው ግን በየፎቶው ሌላ ነው። ሳሉግ ናቸው። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። በዚያ ጊዜ ሳሉግ ሥራው ሲያልቅ አዲስ ሸሚዝ ይገዛል፣ ጸጉሩን ይስተካከላል፣ ከዚያ የሰው መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሣና ለአገሩ ይልካል። ፎቶ አንሺው ሁለት አድርጎ ያጥበዋል፤ አንዱ ለተነሺው፣ አንዱ ለሾፌሩ። የሾፌሩ የመኪናዋ ድርሻ ነው። የእኛ ሣጥን በማናውቃቸው ሰዎች የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋ ያለው ዘመድ ደግሞ ልጃችን መኪና ገዛ ብሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል።

ከእነዚያ ሁሉ መሃል አንዱ አባቴ ነው። እናቴ ልጅ ሳለሁ ከሣጥኑ አውጥታ ሰጠችኝ። ቦታው ገዳሪፍ ጣቢያ ነው፤ ከኋላ የከሰል ባቡር ጭሱን አጋድሞ ቆሟል፤ ከፊት መኪናው አለ፤ በሩ ላይ ሳቅ ያመለጠው ቀጭን ሰው። ፎቶውን መስታወት አስገብቼለት ዕድሜዬን ሙሉ ከቤት ቤት ይዤው ዞሬያለሁ። ፈተና ስወድቅ ያፈርሁት እሱን ነው። የተዳርሁ ዕለት የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ሱቄ ውስጥ ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሏል፤ የሚያናድድ ደንበኛ ሲመጣ ወደ አባቴ ቀና ብዬ «አየኸው ይኸን?» እለዋለሁ። የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ «ቁርጥ አባቷን» ይለኛል። አባቴን በአካል ያየ አንድ ሰው ግን በመተማ አልነበረም።

ኢንተርኔት ከስንት ጊዜ በኋላ ሲመለስ አንድ ደንበኛዬ የድሮ መኪኖችና ባቡሮች ፎቶ የሚለጠፍበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። ሰው የአያቱን አውቶቡስ፣ የአጎቱን ላንድሮቨር፣ የድሬዳዋን ባቡር ይለጥፋል። እኔም ቀናሁ። ፎቶውን እንደተሰቀለ፣ ከመስታወቱ ጋር፣ በስልኬ አንሥቼ ለጠፍሁ። የበሩ ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ የአባቴን ፊት ሸፍኖታል፤ እጅ እግሩና መኪናው ግን በደንብ ይታያሉ። «አባቴ ከመኪናው ጋር፣ ገዳሪፍ» ብዬ ጻፍሁበት።

ኧረ ስንቱ መጣ! አንዱ ስለ ጎማው፣ አንዱ ስለ ፋናው፣ አንዱ የባቡሩን ጭስ ማውጫ አይቶ የእንግሊዝ ሥራ ነው ይላል፣ ሌላው አይደለም ብሎ ይሞግተዋል። ስለ አባቴ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እንዲያውም አንዱ «እኅት፣ ሰውየውን ቆርጠሽ አውጭውና ባቡሩ በደንብ ይታይ» አለኝ። የመለስሁለትን እዚህ አልጽፈውም። ስልኩን አስቀምጣለሁ፣ አነሣለሁ። ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ወደ ጎዳናው ወጥቼ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ እቆማለሁ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ይስቁብኛል።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ለብቻዬ ጻፈችልኝ። ጎጃም ነው የምትኖረው። «እቴ፣ ሰላም ነሽ ወይ። ያ መኪናው በር ላይ የቆመው ሰው አባቴ ነው። እኛም ቤት ይኸው ፎቶ አለ። ተመተማ ቆላ የላከልን ነው። መኪናይቱም የሱ ነበረች።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ይኸው፣ መኪና ገዛ ከተባለላቸው የአንዱ ልጅ! ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ። «እኅቴ፣ ተሳስተሻል። መኪናውም ሰውየውም የኔ ናቸው» አልኋት። አልተከራከረችኝም። የራሷን ፎቶ ላከችልኝ። ያው ባቡር፣ ያው መኪና፣ ያው የተሰቀለ እግር። ከአንገት በላይ ግን ፊት የለም፤ ጣሪያ አፍስሶበት ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ተልጧል።

«ክረምቱ ፊቱን በላብን» አለች። «ልጆቼ አያታቸውን አያውቁት። ያንች ደኅና ተሆነ ያለ መስታወት አንሥተሽ ላኪልኝ። አባቴ መሆኑን ታላመንሽኝ የግራ እጁን ትንሽ ጣት እይ፤ ግማሿ የለችም። የበሬ ገመድ ነው የበላት።»

በርጩማ ላይ ወጥቼ ፎቶውን ከግድግዳው አወረድሁ። ወደ በሩ ወስጄ ያችን የበሩን መያዣ የጨበጠች እጅ አየኋት። ስንት ዓመት ፊቱን ብቻ ነው ለካ የማየው። ትንሿ ጣት አጭር ናት። ጥላ ይሆናል አልሁ፤ አዞርሁት፤ በስልኬ አንሥቼ አሰፋሁት። ጣቷ አጭር ናት።

ለሴትዮዋ አልመለስሁላትም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እናቴ። እሷ የምትኖረው ሸሕዲ ነው፤ በሚኒባስ ቅርብ ነው። በማግስቱ ፊልትሮ ላመጣ ነው ብዬ ለባሌ ዋሽቼ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ኮኪት ስንደርስ ግን «ወራጅ አለ» አልሁ። ለምን እንደወረድሁ እንጃ። ከተማው በሳሉግ ተሞልቷል፤ አንድ አዲስ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ የሰው ትራክተር ጎማ ላይ እግሩን ሰቅሎ ጓደኛው በስልክ ያነሣዋል። «ወዲያ ፈቀቅ በል፣ ትራክተሩ በሙሉ ይግባ!» ይለዋል። ቆሜ አየኋቸውና አለቅስ አለቅስ አለኝ። በሚቀጥለው መኪና ወደ መተማ ተመለስሁ። ፊልትሮው የታል ሲለኝ ባሌ ላይ ጮኽሁበት።

ሌላ ቀን ግን ሸሕዲ ድረስ ሄድሁ። እናቴ ደጇ ላይ ማሽላ በሰፌድ ታበጥራለች። ሳልቀመጥ፣ በወጉ እንኳ ሳልስማት፣ «እማ፣ የአባቴ ጣት ሙሉ ነበር?» አልኋት።

«ምን ያለ ጥያቄ ነው ይኸ? ሙሉ ነበር እንጅ! ጣት የሌለው ሰው መሪ በምን ሊይዝ ነው?»

ማበጠሯን ቀጠለች። ፎቶውን ሰፌዷ ላይ፣ ማሽላው ላይ አስቀመጥሁት። እጇ ቆመ። ፎቶውን አላነሣችውም፤ ገለባውን ብቻ በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«የሰውየው ልጅ ናት። ጎጃም ነው ያለችው። ፊቱን ፈልጋ።»

«እኔ'ኮ ነገሩ ተረስቶ ይቀራል፣ ማንም አይጠይቀውም ብዬ ነው። አባትሽ ፎቶ አልነበረውም። አንድም። ሰውን ሁሉ እያቆመ፣ አንተ ወዲህ ና፣ እግርህን ስቀል፣ እስቲ ሳቅ በል እያለ ከፎቶ አንሽው ኋላ ነበር የሚቆመው። አንተስ ስለው፣ የኔን ፊት ሲያዩት አይደል ወይ የሚውሉት ይለኛል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ብቻ አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረችው። ገዳሪፍ ላይ ወባ ሲገድለው እሷም ልብሱም አልመጡልኝ። አንች ደሞ የሰው ልጅ አባቱን ሲጠራ እየሰማሽ፣ አባቴ የታል፣ አባቴ የታል፣ አላስቀምጥ አልሽኝ። አንድ ቀን ሣጥኑን ከፈትሁና ፊቱ ደስ የሚለውን መረጥሁልሽ።»

«መረጥሽልኝ?»

«ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ተውሽ።»

ጮኽሁ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽሁ። ሰርጌ ላይ የማላውቀውን ሳሉግ አባቴ ብዬ አስቀምጬ፣ አንች አጠገቤ ቆመሽ፣ እልል እያልሽ! «እና ሳሉግ ሰው አይደለም?» አለችኝ፣ እሷም ቁጣዋ መጥቶ። ከግቢው ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። መኪናውስ፣ እሱስ የአባቴ ነበር? አልኋት። የነጋዴ ነበር፤ አባትሽ ግን የኔ ይላት ነበር አለችኝ። በዚህስ ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። ደጋው ሁሉ የኔ ያላት መኪና ባለቤቷ ከመካከላችን የለም።

ሳቄ ሲያልፍ ደከመኝ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁና «በይ ንገሪኝ። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» አልኋት።

«ጠይም ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ግንባሩ ሰፋ ያለ። ዓይኑ...» ቆመች። እጇን ወደ ራሷ ፊት አንሥታ እንደገና ጀመረች። «ዓይኑ ትንሽ ገባ ያለ ሁኖ፣ ሲስቅ...» ፎቶውን አየችው። ከዚያ ዞር አለች። «ሲስቅ ይኸ ሰውየ ነው የሚመጣብኝ። ያንችን ግድግዳ ሳይ፣ ሳይ፣ እኔም ጠፋብኝ፣ ልጄ። እኔም'ኮ የሱን ፊት አጣሁት» ብላ አለቀሰች።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተዘረፍሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አብረን አለቀስን፤ የአባቴን ለቅሶ በወጉ አልቅሰንለት አናውቅም ነበር።

መተማ ስመለስ ፎቶውን ከመስታወቱ አወጣሁት። ከሱቁ በረንዳ ጥላ ሥር፣ ብርሃኑ ሳይወርድበት፣ አጥርቼ አነሣሁት። አልልክም ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትሁ። ለአንድ ገበሬ ዘይት ሸጥሁ። ሰውየው ሲሄድ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ብዬ ላክሁት። «እውነትሽን ነው፤ አባትሽ ነው። የኔ አባት የመኪናዋ ሾፌር ነበር» አልኋት።

በድምፅ መለሰችልኝ። መጀመሪያ የሚሰማው እሷ ሳትሆን ልጆች ናቸው፤ «አሳይን፣ እኛንም አሳይን» ይላሉ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት እልልታዋን ለቀቀችው፤ መሃል ላይ አቋርጣ ደግማ ጀመረችው። ሚስቱ መሆን አለባት። «ስቆ ነው ለካ!» አለች ሴትዮዋ። «እቴ፣ ስቆ ነው የተነሣው! ረስቼው ኑሬ ነው።» ቀናሁባት። እንዲህ በሰው ቀንቼ አላውቅም። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደጋግሜ ሰማሁት፤ የራሴ አባት የተገኘ ይመስል።

ወዲያው ሌላ መልእክት አስከተለች። «እግዜር ይስጥሽ። ያንችስ አባት የትኛው ነው? ተመኪናው ጋር ያስነሣልንን ሰውየ ፊቱን ልየው፤ ለእናቴም ላሳያት።»

ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን የሻይ ቅጠል ሣጥን አወረድሁና ፎቶዎቹን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍሁ። የተሰቀለ እግር፣ የተነፋ ደረት፣ አዲስ ሸሚዝ። አንድ በአንድ እያየሁ ወደ ጎን አደረግኋቸው፤ ሁሉም የሆነ ሰው አባት ናቸው። ከመሃላቸው ሰው የሌለበት አንድ ፎቶ ወጣ። ያው ጣቢያ ነው፤ መኪናው ለብቻው ከባቡሩ ፉርጎዎች ፊት ቆሟል፤ የሾፌሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። አባቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ ፎቶ አንሺው ጋ ሄዶ፣ ቀጣዩን ሳሉግ የሚጠራ ይመስለኛል።

አነሣሁትና ላክሁላት። «ይኸ ነው አባቴ» ብዬ ጻፍሁ።