የባሕር ኮከብ አፍ በየት በኩል ነው

ልጅ ሳለሁ የባሕሩን ተረት ያስተላለፉልኝ ጋሽ ታዬ ናቸው፤ ካዛንቺስ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ፣ ዱሮ ምጽዋ ላይ መርከበኛ የነበሩ ጎረቤታችን። ያኔ አመሻሹ ላይ መብራት ሲጠፋ የግቢው ልጆች ደጃፋቸው ላይ ያለውን የከሰል ምድጃ ከበን ኩርምት እንልና፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው ስለ ባሕር ኮከብ ይነግሩን ነበር።

ይህ እንስሳ ራስ የለውም፣ ጅራት የለውም፣ ፊትና ኋላ የሚባል ነገር አያውቅም ይሉናል። ታዲያ በምን ይለያል ስንላቸው፣ በአፉ ነዋ፤ አፉ ከሥሩ መሃል ላይ ስለሆነ አንዱ ገጽ የአፍ ወገን፣ ሌላው ከአፍ የራቀው ወገን ነው፣ በቃ ይሉናል። እኛም መዳፋችንን የአፍ ወገን፣ አይበሉባችንን የራቀው ወገን እያልን በጣታችን መሬት ላይ ስንድህ እናመሽ ነበር።

ጣጣው የመጣው የእድራችን ዳኛ ሞተው ሌላ ሊመረጥ ሲል ነው። ብዙ ሰው ጋሽ ታዬን አሰበ። እሳቸውም በጣም ፈልገውታል፤ አፍ አውጥተው አልተናገሩም እንጂ ኮታቸውን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሲተኩሱ በግድግዳው ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። ግን እትዬ ዘነበች፣ ሳያስፈቅዳቸው በግቢው ማንም የማያስነጥስባቸው ሴት፣ በየቤቱ እየዞሩ ራስ የሌለው እንስሳ አለ የሚል ሰው ነገ የሞተውንም አልሞተም ይለናል ይሉ ጀመር። ሰዉም መሳቅ አበዛ።

የምርጫው ስብሰባ ዕለት እኔ ውኃ እያደልኩ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ፋኖስ ተሰቅሏል። ጋሽ ታዬ ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ የደረቀ የባሕር ኮከብ፣ ጀርባው ወደ ላይ።

እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና፣ «ታዬ ሙት፣ ይሄ እኮ ጀሶ ነው። ጠፍጥፈው ነው የሸጡልህ» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ታዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«ዘነቡ፣ በእጅሽ ገልብጪው።»

ገለበጡት። ከአምስቱ ክንዶች የሚመጡ ቦዮች መሃል ላይ ተገናኝተው ቀዳዳ ሠርተዋል፤ ቀዳዳው ውስጥ ምስር የምታህል ቀንድ አውጣ ተሰንቅራለች። እትዬ ዘነበች ፋኖሱን አስወረዱ፣ ከነጠላቸው መርፌ ቁልፍ ፈትተው ነካ ነካ አደረጓት። ጋሽ ታዬ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ምስኪን» አሉ እትዬ ዘነበች በመጨረሻ። «እየበላ ነው የሞተው። ጀሶ ደግሞ አይበላም።» ከዚያ ቀና ብለው ሰዉን አዩት። «ምን ታዩኛላችሁ፣ እጃችሁን አውጡ እንጂ።» የራሳቸውን ከሁሉ ቀድመው አወጡ።

የሰው ነገር መከታተል አይሰለቸኝም፤ ብዙ ክርክር፣ ብዙ ኩርፊያ አይቻለሁ። ግን ሰፈር ሙሉ እያየ እንደ እትዬ ዘነበች እጁን አውጥቶ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም፤ ከተረቱ ሁሉ ይልቅ አብሮኝ የቀረው እሱ ነው።

ጋሽ ታዬ እስኪያርፉ ድረስ ዳኛችን ነበሩ። እትዬ ዘነበች ሰፈሩ ሲፈርስ ልጃቸው ጋ ገላን ገቡ። እኔ ላንቻ ተከራይቻለሁ። እድሩ አልፈረሰም።