ቴምብሩን ያጠብኩበት ውሃ

ከአንዲት እናት በቀር ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ እዘረዝራለሁ። ይህችን አንዷን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቻት እነሳለሁ። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ የለም ስል ኖርኩ።

ወልድያ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፣ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴምብር መሰብሰብ መጀመር የሚፈልጉ ተማሪዎች ይመጡልኛል፤ ቢበዙ አምስት ናቸው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በጠፋበት ዘመን ይሄ ምን የሚሉት እብደት ነው እያሉ የሚስቁብኝ ጎረቤቶች አሉ፤ ይሳቁ። ለጀማሪ የማስተምረው ሁልጊዜ አንድ ነው። ቴምብሩን በጥፍራችሁ አትላጡት፣ ይቀደዳል። ዙሪያውን ራቅ አድርጋችሁ ፖስታውን በመቀስ ቁረጡ፣ ቁራጩን ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጡና ታገሡ። ሲለቅ ጀርባውን ቀስ ብላችሁ እሹት፤ የሙጫ ርዝራዥ እንዳይቀርበት። ቴምብሩ ማንም ሳይጎትተው ከወረቀቱ ተላቆ ብቻውን ሲንሳፈፍ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እኔም እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ።

ከሁለት ወር በፊት ታዲያ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቴምብሩን ጀርባ እያሸች ሳለ ድንገት ጣቷን ከውሃው አወጣች። "ኧረ ያስጠላል! ይሄ እኮ የሰው ምራቅ ነው" አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ሳህኑን አንስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ እዚያው ቆሜም ቀረሁ። ውሃውን መድፋት አቃተኝ።

ነገሩ የሆነው መርሳ ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከአስፋልቱ ዳር ባለው የአባቴ ሱቅ እሠራለሁ። በእኛ አገር ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ደብዳቤ አያድልም። ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው የፖስታ ሳጥን ባለው ሰው በኩል ነው የሚላክለት። አባቴ ወልድያ የፖስታ ሳጥን ስለነበረው የግማሽ መርሳ ደብዳቤ በእሱ በኩል ይመጣ ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ከእኔ አንገት አይወርድም። በሳምንት አንድ ቀን በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ ወልድያ እሄዳለሁ፣ የመጣውን ይዤ እመለሳለሁ። ማንበብ ለማይችል አነብለታለሁ፣ መልሱንም እጽፍለታለሁ። ሰው የልጁን ሠርግም ሕመምም ከእኔ አፍ ነበር የሚሰማው። ያን ያህል ታምኜ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቴምብር ማንም አላስለመደኝም። አንድ ቀን ደብዳቤ ይዤ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንዱ ፖስታ ራሰ። ሱቅ ገብቼ ሳደርቀው ቴምብሩ ተላቆ መዳፌ ላይ ቀረ። ወፍ ነበረበት። ከጥፍሬ ብዙም በማይበልጥ ወረቀት ላይ አንድ ሰው የወፉን ላባ አንድ በአንድ ስሎታል፤ ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ እንኳ አልረሳም። ይህን ማን አሰበው? ዓለም እንዲህ ያለ ነገር እየሠራች ነው እንዴ እኔ እዚህ ጨው የምሰፍረው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባለቤቶቹ ደብዳቤያቸውን ሳስረክብ "ቴምብሩን ልውሰደው?" እላለሁ፤ "ውሰጂው፣ ምን ሊያደርግልኝ" ይሉኛል። እምቢ ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

እትዬ ዘይነባ ከሱቃችን ፊት ለፊት ፓፓያና ብርቱካን ይሸጡ ነበር። አንድ ልጃቸው ሰይድ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገብቷል። ሦስተኛው ደብዳቤው በእኔ እጅ መጣ። ፖስታው ላይ ያለው ቴምብር ዓሣ ነበር። ሰማያዊ ነው እንዳልል አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ነው እንዳልል ጎኑ ላይ ወርቅ የሚመስል መስመር አለው። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ሰይድ እንዲህ ይላል፤ "እማ፣ ባሕር ዳር ዓሣ ከጀልባ በማውረድ ሥራ ተቀጥሬያለሁ። ማንበብ ስለማትችዪ በዓይንሽ እንድታዪው ብዬ ዓሣ ያለባትን ቴምብር መርጬልሻለሁ።"

ገና አንብቤ ሳልጨርስ ዓይኔ ፖስታው ላይ ነበር። "እትዬ፣ ቴምብሩን ይሰጡኛል?" አልኳቸው።

"አይሆንም ልጄ" አሉ ፖስታውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። "ጽሑፉ ላንቺ ነው የሚናገር፣ ለኔ ምን ይለኛል? ይችን ግን ልጄ በምላሱ አርጥቦ ነው የለጠፋት። ምራቁ ከሥሯ አለ። ከገላው ከዚች ሌላ ምን አለኝ እኔ? ወላሂ አልሰጥም።" ከዚያ ቴምብሩን ሳሙት።

እኔ ምን አሰብኩ? በልቤ ሳቅኩ። ምራቅ! አልኩ። እንዲያ ያለ ዓሣ ለምራቅ ብለው ይከለክሉኛል አልኩ። ከዚያም አፌን ሞልቼ፣ "እንግዲያውስ ፖስታውን ለዛሬ ይተዉልኝና አድራሻውን አይቼ መልሱን ልጻፍ፤ ከነገ ወዲያ ይወስዱታል" አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አባቴ የጽዋ ማኅበር ሄዷል። በቀትር የሱቁን በር ዘጋሁ፣ ውሃ አሞቅኩ፣ የፖስታውን ጥግ ሳህኑ ውስጥ ነከርኩ። በመቀስ አልቆረጥኩትም፤ ቢቆረጥ ይታወቅብኛላ። ዓሣው ቀስ እያለ ተነሳ። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ዞረ፣ አልዋሽም፣ በሕይወት ያለ መሰለኝ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ሌላ ሆነ። ደስ አለኝ። ገለበጥኩትና ጀርባውን በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ሙጫው እየተዝለገለገ ለቀቀ። አጠብኩት። ውሃ ቀይሬ ደግሜ አጠብኩት። የእናትየውን ቃል እየሰማሁ፣ ከሥሯ ምን እንዳለ እያወቅኩ፣ እስኪነጣ ድረስ አጠብኩት። ውሃውን ጓሮ ወጥቼ ከድንጋይ አጥሩ ጥግ ከበቀለችው ፓፓያ ሥር ደፋሁት። ቴምብሩን የት አደረቅኩት? በአባቴ ዳዊት ገጾች መሐል።

ሰኞ እትዬ ዘይነባ ሲመጡ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠበቅኳቸው። "እትዬ፣ ቴምብሩ ሙጫው ደካማ ኖሯል፣ ተላቆ የሆነ ቦታ ወደቀ መሰለኝ" አልኩ። አልተጠራጠሩኝም። ቢጠራጠሩኝ ኖሮ ዛሬ በቀለለኝ።

"እዚሁ ከወደቀችማ እዚሁ ናት" አሉና ተንበረከኩ። የሱቁን ወለል በመዳፋቸው ዳበሱት። ከጆንያዎቹ ሥር፣ ከሚዛኑ ሥር ፈለጉ። ከዚያ ቤታቸው ሄደው ወንፊት ይዘው ተመለሱ። የሱቃችንን ጥራጊ ከደጅ ሰብስበው ይነፉት ጀመር። ሦስት ቀን ነፉት። ፍራፍሬ የሚሸጡት ሴቶች እቃቸውን ትተው እያገዙ፣ አቧራው ላይ አጎንብሰው፣ "ሰማያዊ ናት፣ ዓሣ ናት" እየተባባሉ ነፉት። እኔስ? እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ ፈለግኩ። አዎ፣ ፈለግኩ። በጣቴ አፈሩን እየበተንኩ "እዚህም የለም እትዬ" አልኩ። ዳዊቱ ከራሴ በላይ መደርደሪያው ላይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ወንፊቱን አራግፈው ተነሡ። "በይ መልሱን ጻፊልኝ" አሉ። ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩ፤ እስካሁን በቃሌ አለ። "ሰይዴ፣ አልሃምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ዓሣዋ ጠፋችብኝ። ሌላ ፖስታ ላክልኝ። ጊዜ ከሌለህ ምንም አትጻፍበት፣ ቴምብሯን ብቻ ለጥፈህ ላካት።" ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ወልድያ ወስጄም ፖስታ አስገባሁት። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቢያንስ አለቀስኩ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አላለቀስኩም።

ሰይድ አልመለሰም። ከአራት ወር በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ ከስደት ተመልሶ መርዶውን አመጣ። ታሞ ሞቷል። የት እንደተቀበረ ልጁም አያውቅም። ለቅሶው ቤት ስገባ ቴምብሩን በወረቀት ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ይዤው ነበር፤ ልሰጣቸው። እትዬ ዘይነባ እየተወዛወዙ "መቃብሩን እንኳ የሚያሳየኝ የለም፣ ሄጄ ሰላም የምለው አፈር የለኝም" ይላሉ። እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ። ባዶውን መለስኩት።

ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። ፍርሃትስ ነበረ፤ ግን እሱ አይደለም ያስቆመኝ። ከሰጠኋቸው ዓሣውን ዳግመኛ እንደማላየው ነው ያሰብኩት። እዚያ፣ ልጇን ያጣች እናት ፊት ተቀምጬ፣ ለዓሣው ሳሳሁ። ይህን የመሰለ ሰው ነኝ።

ከዚያ አግብቼ ወልድያ ገባሁ። አልበም ገዛሁ፤ ዓሣውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለብቻው አስቀመጥኩት። ጀማሪዎች በመጡ ቁጥር ያንን ገጽ ገልጬ አሳያለሁ፣ አጉሊ መነጽር እሰጣቸዋለሁ። "ጀርባውን እዩ፣ የሙጫ ምልክት እንኳ የለውም" እያልኩ ዓመታት ሙሉ ተኩራራሁበት።

ያቺ ተማሪ ምራቅ ባለች በሦስተኛው ቀን መርሳ ወረድኩ። እትዬ ዘይነባ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስሜን ስነግራቸው "የደብዳቤዋ ልጅ!" ብለው እጄን ያዙኝ። እጃቸውን ሳልለቅ ነገርኳቸው። ሳህኑን፣ ዳዊቱን፣ ወንፊቱን፣ ለቅሶ ቤቱን፣ ሁሉንም። ቴምብሩን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

ዓሣውን አላዩትም። ገለበጡትና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ አፋቸው ወስደው በምላሳቸው ጫፍ ነኩት።

"ታጥቧል" አሉ።

"አዎ እትዬ። አጠብኩት።"

እርግማኑን ጠበቅኩ። በእነሱ ወግ "አፉ በሉኝ"፣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፣ ልላቸው ከመንገድ ጀምሮ ስለማመደው መጥቻለሁ፤ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሷል።

"ውሃውስ?" አሉ። "ውሃውን የት ደፋሽው?"

ምን ልበላችሁ? በዚያ ሁሉ ዓመት ራሴን ብዙ ጠይቄያለሁ፤ ይህን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በእኔ ክንድ ተደግፈው አስፋልቱን ተሻገሩ። ሱቁ የሌላ ሰው ሆኗል፣ ጓሮው የባጃጅ ማጠቢያ ነው። ፓፓያዋ ድሮ ሄዳለች፣ መሬቱ ሲሚንቶ ተደርጎበታል። የድንጋይ አጥሩ ጥግ ግን አለ። "እዚህ ጋ ነው" አልኳቸው።

ጫማቸውን አወለቁ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ ወደ መሬት ጎንበስ ብለው፣ "አሰላሙ ዐለይኩም ሰይዴ" አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉ ጀመር። ባጃጅ የሚያጥበው ሰውዬ ምንም ሳይገባው ቧንቧውን ዘጋና እሱም መዳፉን ዘረጋ። አንዲት ሳህን ውሃ፣ እኔ እንደ እድፍ የደፋኋት ውሃ፣ መቃብር ሆነች። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ጫማዬን አወለቅኩ።

ሲጨርሱ ቴምብሩን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። "ጁምዓ ጁምዓ እዚህ ታመጪኛለሽ" አሉኝ።

ይኸው ዓርብ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ እወርዳለሁ፣ ክንዴን እሰጣቸዋለሁ፣ ጥጉ ጋ አደርሳቸዋለሁ። አፉ ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ምን አፍ አለኝ? የአልበሜ የመጀመሪያ ገጽ ባዶ ነው፤ ልጆቹ እዚያ ምን ነበር ሲሉኝ እስካሁን ወሬ እቀይራለሁ።

እናንተን መለማመጃ አደረግኳችሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ንስሐ አባቴ እንደ ወትሯቸው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ "ሌላስ?" ይሉኛል። አንድ አለ አባ፣ እላቸዋለሁ። አውቄ አጠብኩት።