ከፒካፑ ያልወረደው ገማች

ቨርሊን ሀውግስታድ በተፋሰስ ጥበቃ ወረዳችን መሬት ገማች ሆኖ ሸበተ፤ ጫማው ግን አንድም ቀን ጭቃ አልነካውም።

ሥራው ይኸው ነው። ወረዳው ቦይ በቆፈረ ቁጥር ወጪው በባለመሬቶች ላይ ይደለደላል፤ ከቦዩ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ግብር፣ ጥቂት የሚጠቀም ጥቂት። ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚወስኑት ሦስት ገማቾች ናቸው። ሕጉ መሬቱን በእግራቸው ዞረው እንዲያዩ ያዛል። ቨርሊን ግን ፒካፑን መንገድ ዳር ያቆማል፣ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ፊላ የበቀለበትን ሁሉ «ርጥብ ነው፤ ቦዩ ያደርቅለታል፤ ይጠቀማል» ብሎ ይጽፋል፣ ብርድ እንዳይገባበት መስኮቱን ይዘጋል። ሐኪም ቢሆን ኖሮ በሽተኛውን በቁልፍ ቀዳዳ አይቶ ሆዱን ይቀድ ነበር።

ጎረቤቴ አርዲስ ክቫም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሚኒሶታ በነሐሴ ስትደርቅ ላሞቿ የሚግጡት ረግረግ ሜዳ አላት። የአካባቢው ውሃ ወደ ወንዙ ከመውረዱ በፊት እዚያ ያርፋል፤ የቨርሊን እርሻም ከመሬት በታች በተቀበረ ቱቦ ውሃውን የሚያራግፈው እዚያው ነው። ይህም የቨርሊን አባት በአጥር ላይ ተጨባብጦ ከአርዲስ ባል ያገኘው የቃል ፈቃድ ነበር።

አዲሱ ቦይ ሲታቀድ ቨርሊን ከመስኮቱ አየና የአርዲስን ሜዳ ከሁሉ የበለጠ ተጠቃሚ አደረገው። የራሱን እርሻ «ደረቅ» አለው። በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው አይገምትም የሚል ደንብ አለ፤ የእሱ እርሻ ግን በሚስቱ ስም ነው፣ ስለዚህ ሕሊናው ንጹሕ ነው። ግብሩ ከጸደቀ አርዲስ ሜዳውን መሸጥ ግድ ይሆንባታል። ገዢውም ተዘጋጅቷል፦ የቨርሊን ሚስት።

በመከር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ አቤቱታ ተሰማ።

«እማማ አርዲስ፣ የእርስዎ ሜዳ ከሁሉም የረጠበ ነው» አለ ቨርሊን። «ቦዩ የሚጠቅመው እርስዎን ነው።»

«ማን አድርቅልኝ አለህ? ላሞቼ ናቸው?»

«ሕግ ነው እንግዲህ።»

«ሕጉማ በእግርህ ሂድ ይልሃል! ወይስ እግር የተሰጠህ ሱሪ እንዲሰቀልበት ነው?»

ሰዉ ሳቀ። የቦርዱ ሰብሳቢ ሎወል ትቬት ዓይኑን ከፖም ኬኩ ሳያነሳ፣ «በቃ፣ በቃ፤ በረዶው ሲቀልጥ ሦስቱም በእግር ይዩትና ያኔ እንወስናለን» አለ። ከዚህ ሰው አፍ የወጣ ብቸኛው ፍትሕ ይህ ነው፤ እሱም ወደ ኬኩ ለመመለስ ሲቸኩል ያመለጠው።

መሬቱ በበረዶ ሳይደነድን አርዲስ አካፋዋን ይዛ ወደ ሜዳዋ ወረደች። የቨርሊንን ቱቦ አፍ በድንጋይና በሸክላ አፈር ጥርቅም አድርጋ ደፈነችው። እኔም አይቻለሁ፤ ዝም ብያለሁ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ጸደይ መጣ። ውሃው መውጫ አጥቶ የቨርሊን «ደረቅ» እርሻ ሐይቅ ሆነ፤ ዳክዬዎች ሰፈሩበት። ሌሎቹ ሁለቱ ገማቾች ዳር ቆመው ተያዩ። በቨርሊን በራሱ መለኪያ፣ ከቦዩ ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው የቨርሊን ሚስት መሬት ነው። እንደዚያው ጻፉት።

በማግስቱ ቨርሊን የአርዲስን በር አንኳኳ።

«እማማ፣ ቱቦውን ይክፈቱልኝ። ዘር መዝሪያዬ እያለፈ ነው።»

«የሜዳዬስ ነገር?»

«ከቢሮ ሆኜ አስተካክለዋለሁ።»

«ከቢሮ?» አርዲስ የሟች ባሏን የጎማ ቦት ከበሩ ጀርባ አውጥታ እግሩ ሥር ወረወረችው። «ሜዳዬን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠህ ና። ከዚያ እናወራለን።»

እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ አቋረጠ። ግማሽ መንገድ ላይ ረግረጉ አንዱን ቦት ዋጠበት፤ ላሞቹ ማመንዠካቸውን አቁመው ተመለከቱት። በአንድ ካልሲ ወጥ ቤቷ ገባና ሜዳው የሌላውን ሁሉ ውሃ እንደሚያቆይ፣ ከቦዩም ምንም እንደማይጠቀም ጽፎ ፈረመ። ሁለቱ ባልደረቦቹም ፈረሙ፤ ቦርዱ አጸደቀው። ሜዳው ከአርዲስ እጅ አልወጣም።

ቱቦውንም ከፈተችለት። ግማሹን። «ባሌና አባትህ የተጨባበጡበት ፈቃድ አብሯቸው ተቀብሯል» አለችው። «የቀረውን ግማሽ ከፈለግህ ያቺን ቦት ፈልገህ አምጣ።»

እስካሁን እየፈለገ ነው።