ለልጃቸው ያስቀመጡት ነጭ ፎጣ

አጎቴ፣ እኔ በትግርኛ ኣኮይ የምላቸው፣ ዓባ ሻውል በሚባል ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ቀድሞ በአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ተቀጥረው ሲሠሩ አንድ ጥቁር ወታደር ያጫወታቸውን ነገር ሳይደግሙት የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። የአሜሪካ ትልቁ ፍርድ ቤት ጥቁርን ከነጭ መለየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር። ኋላ ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ብሎ የራሱን ፍርድ ሻረ።

በደርግ ጊዜ ልጃቸው ይግባኝ በሌለው ችሎት ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን አንድ ነጭ ፎጣ አስቀመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቡት ነበር።

"ሲፈታ መጀመሪያ የምላጨው እኔ ነኝ" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ "ኣኮይ፣ የአሜሪካኑ ፍርድ እስኪሻር ስንት ዓመት ፈጀ?" አልኳቸው።

"ሃምሳ ምናምን" አሉ ፎጣውን እየጨመቁ። "አንተ ደግሞ ወደይ፣ ልጄ፣ መቁጠር ትወዳለህ! የኛዎቹ ዳኞች ይፈጥናሉ።"

አልፈጠኑም። አጎቴን ቀበርናቸው።

ልጃቸው የተፈታው ደርግ ሲወድቅ ነው። ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ አባቱ ፀጉር ቤት መጥቶ አባቱ ሰው ይላጩበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን አውጥቼ አንገቱ ላይ አደረግኩለት። እኔ ምላጭ መያዝ አላውቅም። ጢሙ እንዳደገ፣ ሁለታችንም መስታወቱን እያየን አለቀስን።