የአክስቴ ትርጉም

ዛሬ ጓደኛዬ ልጅ ሆነን የምንወደውን የጃፓን የፍልሚያ ካርቱን በስልኳ ከፈተችልኝ። በጃፓንኛ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ተማሪው የመምህሩን አስከሬን አቅፎ ሲያለቅስ ሳይ ክው አልኩ።

ያኔ ቡታጅራ ቤታችን የምናየው በአረብኛ ነበር። ጅዳ ሠርታ የተመለሰችው አክስቴ ቆሎ እየቆረጠመች ትተረጉምልናለች። ወንድሜ ከድር ሶፋው ላይ ወጥቶ ቡጢ ይሰነዝራል።

"ውረድ አንተ! ጠላትህ ሶፋው ነው እንዴ?"

መምህሩ የወደቀ ቀን ግን ድምጿ ለሰለሰ። "ቆስሎ ነው፤ ኢንሻአላህ ይድናል።" አመንናት።

ከድር በየመን በኩል ከተሰደደ በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው ደወለ፤ የሚያወራው በአረብኛ ነበር። አክስቴ አዳመጠችና "ታስሮ ነው፤ ኢንሻአላህ ይፈታል" አለችን። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

ቤት እንደገባሁ "አክስቴ፣ ያ መምህር ለካ ሞቶ ነበር!" አልኳት።

"አውቃለሁ። ስታለቅሱ ማየት አልቻልኩም።"

ስለዚያ በአረብኛ ስለተደወለው ስልክ ልጠይቃት ስል እናቴ ከጓዳ ተጣራች። ለዒድ የከድርን ሸሚዝ እየተኮሰች ነው።

"አድጎ ይሆናል እኮ፤ እጅጌው አያጥረውም ትላላችሁ?"

አክስቴ አቀረቀረች።

"አያጥረውም፣ እማ" አልኩ፣ በዚያ በለሰለሰው የአክስቴ ድምፅ።