ውሃ ልክ

ልጄ ፒክአፕ ትነዳለች። ይህን ለሰው ስናገር እስካሁን ድምፄ ይለወጣል። ከገጠር አቮካዶ ጭና ሐዋሳ ታመጣለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እጄን ኮፈኑ ላይ አድርጌ እጸልይላታለሁ፤ መሪዋን ይዛ «አሜን» እስክትል ድረስ እጄን አላነሣም።

ባለፈው ክረምት የመኪናዋ አፍንጫ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሰዎች ገፍተው እስኪያወጧት ስልኳ አልሠራም፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው «ፊቷን ከፍ ላስደርጋት፣ ጎማዋንም በትልቅ ልቀይረው» ማለት የጀመረችው። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። «ከፍ ያለ ነገር ይገለበጣል» አልኳት። መኪናዋን አብረን ነው የገዛናት፤ እኔ እሺ ካላልኩ ልጄ አትነካትም።

«እማ፣ ነይና ራስሽ እዪው» አለችኝ።

መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ቀላል ነው ማዘር፣ ከፊት አንሥተን ውሃ ልክ እናደርጋታለን» አለኝ።

ልቤ ድንግጥ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ክረምት ሲሆን የሚሞላ ወንዝ አለ።

«የምን ውሃ? እስከ የቱ ድረስ ነው ውሃ ውስጥ የምትገባው?» አልኩት። ወደ ልጄም ዞርኩ። «አንቺ፣ ለካ ይህን ሁሉ የምታደርጊው ወንዙን ልታቋርጪበት ነው!»

«ኧረ እማ! ጀልባ መሰለሽ እንዴ?»

«ለጀልባ ከሆነ ሐይቁ ጋ ነው ማዘር፣ እዚህ ተሳስተው ነው የመጡት» አለ መካኒኩ፤ ሣቁን ግን መያዝ አልቻለም። ገብቶ አንድ ረጅም መለኪያ ይዞ ወጣና በሩ ሥር ካለው ጠርዝ ላይ አጋደመው። ቤታችን ሲሠራ ግንበኛው እጅ ላይ አይቼዋለሁ፤ ስሙ ውሃ ልክ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። መሃሉ ላይ ትንሽ ውሃ አለ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ አንዲት አረፋ። አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሽታለች። የመኪናዋ አፍንጫ ምን ያህል እንደተደፋ ያን ጊዜ ገባኝ።

መካኒኩ ከፊት ሞላው ላይ ገብተው ከፍ የሚያደርጉ ብረቶች አመጣ፤ ወፍራምና ቀጭን። «ወፍራሙ ይሻልሻል፣ ልክ ትመጣለች» አላት።

«ባዶዋን ስትሆን ነዋ» አለች ልጄ። «እኔ ባዶ አልመላለስም። ስጭናት ኋላዋ ዝቅ ይላል፤ ያኔ አፍንጫዋ ሰማይ ሊያይ ነው። ማታ መብራቷ የሰው ዓይን ይወጋል። ቀጭኑን አድርግልኝ።»

መካኒኩ ካቀረበልን ጎማዎች ትልቁን ሳላስበው ወደድኩት፤ ግርማው የአውቶቡስ ይመስላል። እሷ ግን አስገጥማ መሪውን እስከ ጥጉ አዞረችና ወርዳ በእጇ ዳሰሰችው። «ፓራፋንጎውን ይነካል፣ ስታጠፍ ይፋቃል። ደግሞም ሁሉንም ነገሯን ከፍ ካደረግን እማ ያለችው ይደርሳል፤ ትገለበጣለች። መካከለኛውን አምጣ።»

«እናንተ ቤት ፍርሃት በዘር ነው እንዴ?» አላት መካኒኩ።

እኔ ዞሬ ልጄን አየኋት። «ቀስ በይ፣ ተጠንቀቂ» ስላት እየሣቀች ስትወጣ፣ ቃሌን ሁሉ በር ላይ ጥላው የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይዛው ነው የምትሄደው! እኔ በር ላይ የሚያቆመኝን ፍርሃት እሷ መሥሪያ አድርጋዋለች። ይህን መቼ ተማረች? ከማን?

ሥራው ሲያልቅ ሌላ ነገር አዘዘች። ደጁ ላይ ከነበረው አሸዋ በማዳበሪያ እየሞሉ አቮካዶዋን ያህል ጫኑባት። ኋላዋ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መካኒኩ መለኪያውን መልሶ አጋደመ። እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ ጎንበስ አልኩ። አረፋዋ ተንቀጠቀጠች፣ ወደ መሃል መጣች፣ ቆመች። የጠብታ ያህል ውሃ ያን ሁሉ ብረት መዝኖ ልክ ነው ሲል አየሁ። 

«እማ፣ ምን ትያለሽ?»

«እሺ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላት።

በማግሥቱ ጠዋት ኮፈኑ ከለመድኩት ከፍ ብሎ ጠበቀኝ፤ እጄን አንሥቼ ጫንኩበትና ጸለይኩ። ልጄ ከላይ ሆና «አሜን» አለች። እጄን አነሣሁ። መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ በር ላይ ብዙ አልቆምኩም፤ ገባሁ።