የዘውዱ ፓምፕና የአልማዜ ጽጌረዳ

ዘውዱ እጁ ሥራ ካልያዘ የሚታመም ሰው ነበር። በጋምቤላ የወባ ማጥፊያ ቡድን ውስጥ ፓምፕ ተሸክሞ የየሰዉን ግድግዳ ዲዲቲ ሲረጭ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ያልላላ ብሎን ያጠብቃል። እኛ ጎረቤቶቹ «ይሄ ሰው ተኝቶም ይረጫል» እያልን እንስቅበት ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ሚስቱ አልማዜ የታመመች እናቷን ልታስታምም ጎሬ ወጣች። ስትሄድ በራቸው ላይ ያለችውን ጽጌረዳ አደራ አለችው። ከእናቷ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጣ አምጥታ የተከለቻት ናት፤ በጋምቤላ ሙቀት ስትሞት ስትድን ቆይታ ገና መጽደቋ ነበር። ውሃ ብቻ አጠጣት፣ ሌላ አትነካካት አለችው። ለዘውዱ ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ለጋው ቅርንጫፍ ላይ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ አረንጓዴ ክሽክሽ አየ። በመካከሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ይርመሰመሳሉ። ለእሱ ሁሉም ተባይ ነው። ከሥራ የተረፈውን ዲዲቲ ለቀቀባቸው። ጥንዚዛዎቹ ረገፉ፤ ክሽክሹ ግን ብዙም አልተነካም፣ እንዲያውም ቅርንጫፉን አለበሰው። ደግሞ ረጨ። ደግሞ ባሰ። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ ደረቀ።

በአቦቦ የጥጥ እርሻ መድኃኒት የሚረጭ ኦፒው የሚባል ወዳጅ ነበረው። የፓምፕ ጎማ ሊዋስ መጥቶ ጽጌረዳዋን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ጥንዚዛዋ ክሽክሹን ትበላለች፣ እሷ ስታልቅ ክሽክሹ ከልካይ ያጣል፣ እኛም በጥጡ ላይ ያየነው ይህንኑ ነው አለው። መርጨቱን ብትተው ጥንዚዛዎቹ ይመለሳሉና ታገሥ ብሎት ሄደ።

ትዕግሥት ከተባለ ታገሠ። ጠዋት ጽጌረዳዋ ዘንድ፣ ለምሳ ሲመለስ ጽጌረዳዋ ዘንድ ነው። እንዳይረጭ ብሎ ፓምፑን እኔ ቤት አስቀመጠ፤ በማግስቱ መጥቶ ወሰደው። መቅበጥበጡ ተጋብቶብኝ እኔም መቀመጥ አቃተኝ።

ዝናቡ መድኃኒቱን ሲያጥበው ጥንዚዛዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ዘውዱ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ውሎ አድሮ ግን ክንፍ የሌላቸው፣ ጥቋቁር፣ እንደ አዞ ግልገል የሻከሩ ትሎች ቅጠሉ ላይ አገኘ። ጥንዚዛዎቹን ሊጨርሱ የመጡ መሰለው። ሊያድናቸው ብሎ ፓምፑን ተሸከመ።

ኦፒው ተመልሶ ሲመጣ ከሥር የረገፉትን ትሎች በመዳፉ አንሥቶ ለዘውዱ አሳየው።

«ጋሼ፣ እነዚህ የእሷ ልጆች ናቸው» አለው። «ጥንዚዛ ልጅ ሆና እንዲህ ናት።»

ከዚያ በኋላ ጽጌረዳዋ አላገገመችም።

አልማዜ ጥቁር ለብሳ ከጭነት መኪና ወረደች። ዘውዱ ሰላም ሳይላት እኔው ነኝ የገደልኳት አለ። ቁጢጥ ብላ ግንዱን በጥፍሯ ፋቀችው፤ እርጥብ ነገር የለውም።

«እማዬን ቀበርኳት» አለች። «ቤቱን ለመንደር ምሥረታ አፍርሰው ግቢውን አርሰውታል። አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥ ብዬ ብዞር አጣሁ።»

ቁጣ አልነበረባትም፤ ለእሱ የባሰው ያ ነው። ነገውኑ መቲ ከተማ ሄጄ ሌላ አመጣልሻለሁ፣ ጉድጓዱን ዛሬ እቆፍራለሁ እያለ ዶማ ፍለጋ ተነሣ። እጁን ያዘችው።

«ምንም አታድርግ» አለችው።

ዘውዱ እንባው እየወረደ፣ ምንም ሳያደርግ አጠገቧ ቆመ።